የነዳጅ ማጣሪያ ከመተከሉ በፊት፦ የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማና የገበሬው ድርሻ

ሀ. ግምገማ ምንድን ነው?

ገበሬ ቦይ ከማውጣቱ በፊት ውኃው ወዴት እንደሚወርድ ያያል። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማም እንዲሁ ነው። ይኸውም ፋብሪካ ወይም መንገድ ከመሠራቱ በፊት በአፈር፣ በውኃ፣ በአየርና በሰው ኑሮ ላይ የሚያስከትለውን ለውጥ አስቀድሞ መመርመር ማለት ነው። አዋጅ ቁጥር 299/1995 ግምገማ የሚያስፈልገው ሥራ ያለ ፈቃድ እንዳይጀመር፣ የጥናቱ ሪፖርት ለሕዝብ ክፍት እንዲሆንና የነዋሪው አስተያየት እንዲካተት ደንግጓል።

ለ. ከማጣሪያ ምን ይወጣል?

በመስከረም 2018 ዓ.ም. በሶማሌ ክልል ጎዴ ላይ የነዳጅ ማጣሪያ የመሠረት ድንጋይ ተጥሏል። ማጣሪያ ድፍድፍ ዘይትን እያሞቀ ቤንዚን፣ ናፍጣና ላምባ ይለያል። ለማቀዝቀዣና ለእንፋሎት ብዙ ውኃ ይፈጃል። ፍሳሹ ሳይጣራ ከተለቀቀ ዘይትና መርዛማ ኬሚካል ይዞ ወንዝ ይገባል፤ ጭሱም የድኝ ጋዝ አለበት። ዘይት የጠጣ አፈር ውኃና አየር በሚገባ ስለማያሳልፍ ሰብል ያቀጭጫል።

ሐ. ከስሜን የሚገኝ ትምህርት

ከደባርቅ ተነሥቶ በአምባራስ በኩል ወደ ጃናሞራ የሚዘልቀው መንገድ የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን ያቋርጣል። በ1970 ዓ.ም. የዓለም ቅርስ የሆነው ፓርክ በ1989 ዓ.ም. አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ሲገባ፣ ከዋልያ ቁጥር መቀነስ ጋር የመንገድ ሥራም በምክንያትነት ተጠቅሷል። ተለዋጭ መንገድን ጨምሮ ልዩ ልዩ እርምጃዎች ተወስደው ከዝርዝሩ የወጣው በ2009 ዓ.ም. ነው። አስቀድሞ ያልታሰበበትን ነገር ማረም 20 ዓመት ፈጀ ማለት ነው።

መ. ገበሬው ምን ይጠይቅ?

1. ውኃው ከየትኛው ወንዝ ወይም ምንጭ፣ በበጋስ ምን ያህል ይቀዳል?
2. ፍሳሹ የት ይጣራል? ወዴትስ ይለቀቃል?
3. ዘይት ቢፈስ ወይም እሳት ቢነሣ ምን ዝግጅት አለ?
4. ከመሬቱ ለሚነሣ ገበሬ ምን ካሳ፣ መቼ ይከፈላል?

ከመጠየቅ ሌላ የሚያውቁትን ማስመዝገብ ያስፈልጋል። በነሐሴ የመጣ ባለሙያ ወንዙን ሞልቶ ያየዋል፤ በሚያዝያ ስንት ከብት እንደሚያጠጣ የሚያውቀው ግን ገበሬው ነው። ይህ ዕውቀት በሪፖርቱ ካልሰፈረ ውሳኔው በክረምት ውኃ ላይ ይመሠረታል።

ሠ. ማስታወሻ

ውሳኔው መፍቀድ፣ በግዴታ መፍቀድ ወይም መከልከል ሊሆን ይችላል። ባለ ግዴታ ፈቃድ ከተሰጠ ግዴታዎቹን በቀበሌው ግልባጭ ይዞ መከታተል ይገባል። አዋጁ ቅር የተሰኘ ሰው ለመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ አቤት እንዲል ፈቅዷል፤ ኃላፊውም አቤቱታው በደረሰው በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ እንዲሰጥ ደንግጓል። ስለዚህ አስተያየታችሁን ቁፋሮው ሳይጀመር በጽሑፍ አቅርቡ። የተበላሸ ምንጭ በካሳ ብር ተመልሶ አይፈልቅም።