ሞራው ምን ይናገራል?

በግ ሲታረድ ሞራውን ዘርግተው የሚያዩ ሰዎች አሉ። ሞራ ገላጭ ይባላሉ። የሚመጣውን ነገር ከሞራው እናነባለን ይላሉ። ሞራ ስለ ነገ ዕድል አያወራም። ስለተበላው ምግብ ግን ብዙ ይናገራል። እንዴት?

ሞራ ስብ ነው። ስብ ደግሞ የገላ ጎተራ ነው። ገበሬ የመኸሩን እህል በጎተራ አስቀምጦ በክረምት ይበላል። ገላም ከምግብ የተረፈውን ኃይል በስብ ያስቀምጣል፤ ሲርበው ያወጣል። የበግ ላት በጥጋብ ጊዜ የሚደልበው፣ በድርቅ ጊዜ የሚኮሰምነው ለዚህ ነው።

ታዲያ ጎተራው ከልክ በላይ ቢሞላስ? ሊቃውንት ይህን ለማወቅ በአይጥ ላይ ሙከራ ያደርጋሉ። አንድ ዓይነት አይጦችን ለሁለት ይከፍላሉ። አንዱ ወገን የተለመደውን ምግብ ይበላል። ሌላው ወገን ስብ የበዛበትን ይበላል። ብዙ ጊዜ የዚህ ምግብ ኃይል ከ100 እጅ 60 እጁ ከስብ የሚገኝ ነው።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሁለተኛዎቹ ይወፍራሉ። ስባቸው በአጉሊ መነጽር ሲታይ ሴሎቹ ተነፍተዋል። ሴል ማለት ገላ የተሠራበት በጣም ትንሽ ክፍል ነው። ከተነፉት ሴሎች አንዳንዶቹ ይሞታሉ። በፈረንጆች አቆጣጠር በ2003 አሜሪካ ያሉ ተመራማሪዎች በወፈሩ አይጦች ስብ ውስጥ ብዙ የገላ ዘበኞች ተከማችተው አገኙ። እነዚህ ዘበኞች በሽታን ይዋጋሉ፤ የሞተ ሴልም ይጠርጋሉ። ሲበዙ ግን ስቡን ያስቆጡታል።

ያን ጊዜ የኢንሱሊን ሥራ ይሰናከላል። ኢንሱሊን ከቆሽት ይወጣል። ስኳር ከደም ወደ ሴል እንዲገባ ያደርጋል። ስቡንም «ጎተራህን ዝጋ» ብሎ ያዘዋል። ትእዛዙ ካልተሰማ ስኳር በደም ውስጥ ይበዛል። ከጎተራው የፈሰሰው ስብም በጉበት ላይ ይከማቻል። የስኳር በሽታ መንገድ አንዱ ይህ ነው።

እርግጥ አይጥ ሰው አይደለችም። ነገር ግን ቦርጭና የስኳር በሽታ በሰውም ላይ አብረው ይታያሉ። ስለዚህ ቦርጭ ያወጣውን ሰው «ተመቸው፣ ጤና ነው» ማለት ስሕተት ሊሆን ይችላል። ቅቤና ዘይትም ጠላቶቻችን አይደሉም። ሕፃንና የከሳ ሰው ያስፈልጋቸዋል። ባዶ ጎተራ ያስርባል፤ ከልክ በላይ የሞላ ጎተራም ይፈነዳል።

ጥያቄዎች
1. ስብ ጎተራ የተባለው ለምንድን ነው?
2. የሁለቱ ወገን አይጦች ምግብ በምን ይለያያል?
3. በመንደራችሁ ስለ ውፍረት ምን ይባላል? ተወያዩበት።