ከቅዳሜ ገበያ ወደ ስልክ ገበያ፦ የአጥቢያ የልማት ማኅበራትና የማኅበራዊ ሚዲያ ሽያጭ

በጎንደር ቅዳሜ ገበያ መሶብ ልትገዛ የመጣች እናት ዋጋ ከመጠየቋ በፊት መሶቡን ታነሣለች፤ ገልብጣ መቀመጫውን ታያለች፤ ስፌቱን በአውራ ጣቷ ትጫናለች፤ ክዳኑን ገጥማ ልክ መሆኑን ትፈትናለች። ድስት የምትገዛዋ ደግሞ በጣቷ አንኳኩታ ታዳምጣለች፤ የተሰነጠቀ ሸክላ ድምፁ እንደሚያጋልጠው ታውቃለችና። ሻጯ ብዙ መናገር አያስፈልጋትም፤ ዕቃው ራሱ ይመሰክራል።

በስልክ የሚገዛ ሰው ይህን ሁሉ ማድረግ አይችልም። አዲስ አበባ ወይም ዋሽንግተን ተቀምጦ የሚያየው አንድ ፎቶግራፍ ብቻ ነው። በዚህ እትም ለሰበካ ጉባኤያትና ለካህናት አባቶቻችን የምናቀርበው ትምህርትም ከዚሁ ይነሣል፦ በማኅበራዊ ሚዲያ መሸጥ ማለት የገዥው እጅ ይሠራው የነበረውን ምርመራ ሻጩ አስቀድሞ በፎቶ፣ በልክና በእውነተኛ ቃል ሠርቶ ማቅረብ ማለት ነው።

ጉዳዩ የአጥቢያ ጉዳይ የሆነበት ምክንያት ግልጽ ነው። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978፣ የፋሲል ግቢ ደግሞ በ1979 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡ ወዲህ የአካባቢያችን እጅ ሥራ ብዙ ገዥ ያገኘው ከጎብኚ ነበር። የወለቃ ትንንሽ የሸክላ ቅርጾች፣ በደባርቅ በኩል እረኞች በመንገድ ዳር የሚይዟቸው የሱፍ ቆቦች፣ የከተማው ስፌትና ሽመና ገዥያቸው በእግሩ መጥቶ ያገኛቸው ነበር። ከኮሮና ወረርሽኝ ጀምሮ፣ ቀጥሎም በጦርነቱና በጸጥታው ችግር ምክንያት ያ ገዥ እጅግ ቀንሷል። የሠሪዎቹ እጅ ግን እንዳለ ነው። ልጆቻቸውን በዚያው ሥራ የሚያሳድጉ እናቶች በየአጥቢያችን አሉ፤ ሥራቸውን የሚፈልገው ሰውም ርቆ ሄደ እንጂ አልጠፋም።

የራሳችን ስሕተት

ስለ ሌላው ከመናገራችን በፊት የራሳችንን ብንናገር ይሻላል። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ አጥቢያ ለሚገኝ የእናቶች የስፌት ማኅበር የሁለት ቀን ሥልጠና ሰጥተን የፌስቡክ ገጽ አስከፈትን። ገጹ የተከፈተው ስልክ አያያዝ በሚያውቅ በአንድ ወጣት የግል ቁጥር ነበር። ወጣቱ ሥራ አግኝቶ ወደ ሌላ ከተማ ሄደ፤ ቁጥሩንም ቀየረ፤ የይለፍ ቃሉም ከእርሱ ጋር ሄደ። ገጹ ግን ዛሬም ይታያል። ከአንዱ ፎቶ ሥር አንድ ሰው ለሠርግ ሦስት መሶብ እንደሚፈልግ በግልጽ ጽፏል፤ ከሳምንት በኋላ «ሰው አለ?» ብሎ ደግሟል፤ ከዚያ በኋላ ዝም ብሏል። ያን ጽሑፍ ለማኅበሩ እናቶች ባነበብንላቸው ጊዜ አንዲቱ «ሦስት መሶብኮ የቤት ኪራዬ ነበር» አሉን። መልስ አልነበረንም። ፎቶ አነሣሥ አስተምረን ነበር፤ ቁልፉ በማን እጅ ይሁን ብለን ግን አልጠየቅንም።

ሙዳየ ምጽዋት በአንድ ሰው ብቻ አይከፈትም፤ የባንክ ሒሳብም በጣምራ ፊርማ ይንቀሳቀሳል። የሽያጭ ገጽም የማኅበሩ ንብረት ስለሆነ እንዲሁ ሊያዝ ይገባዋል። ሲም ካርዱ በማኅበሩ ስም ይውጣ። በግል ስም የሚከፈት የፌስቡክ አድራሻ ከ5,000 በላይ ወዳጅ ስለማይቀበልና ከሰውየው ጋር ስለሚሄድ፣ በማኅበሩ ስም «ገጽ» ተከፍቶ ቢያንስ ሁለት አስተዳዳሪዎች ይመደቡለት። በቴሌግራም ቻናል ባለቤትነቱን ለሌላ ሰው ማስተላለፍ ይቻላል፤ ይህ የሚሆነው ግን ባለቤቱ ባለሁለት ደረጃ የይለፍ ቃል አስቀድሞ ካበጀ ነው። የይለፍ ቃሉ በወረቀት ተጽፎ፣ በፖስታ ታሽጎ፣ በጽሕፈት ቤቱ ካዝና ይቀመጥ። ይህን የሚያዝ ውሳኔ በቃለ ጉባኤ መያዝ አለበት፤ አስተዳዳሪ ሲለወጥም ርክክቡ እንደ ማንኛውም ንብረት በፊርማ ይሁን።

ፎቶውና ከሥሩ የሚጻፈው

ጥሩ ፎቶ ለማንሣት ውድ ካሜራ አያስፈልግም። ጠዋት፣ ፀሐይ ሳትበረታ፣ ከቤት ደጃፍ ጥላ ሥር፣ ከጀርባው አንድ ነጭ ነጠላ ዘርግቶ ማንሣት ይበቃል። የአንድ መሶብ አራት ፎቶ ይነሣ፦ ቆሞ፣ ክዳኑ ተከፍቶ፣ ተገልብጦ፣ ስፌቱም ከቅርብ። የገበያዋ እናት ያደረገችውን አስቡ፤ ፎቶዎቹ የእርሷን እጅ ይከተሉ። መጠኑን ለማሳየት ከአጠገቡ ሁሉ የሚያውቀውን ነገር፣ ለምሳሌ አንድ ሲኒ ማስቀመጥ ይጠቅማል። እንከን ካለም እንከኑ ይነሣ። ቀለሙ በአንድ በኩል ደብዘዝ ያለ መሶብ ይህ ተነግሮለት በቅናሽ ቢሸጥ ገዥው ይመለሳል፤ ተደብቆ ቢላክ ግን ገዥው የሚያጣው እምነት ከቅናሹ ይበልጣል። የሐሰተኛ ሚዛን ነገር በመጽሐፈ ምሳሌ ምን እንደተባለ ለካህናት ማስረዳት አይገባንም፤ የተዋበ ፎቶም ሐሰተኛ ሚዛን ሊሆን እንደሚችል ግን ለማኅበራቱ ቢነገር መልካም ነው። ከሌላ ሰው ገጽ የተወሰደ ፎቶ ለጥፎ «የእኛ ሥራ ነው» ማለት ደግሞ ግልጽ ሐሰት ነው።

ስለ ጽሑፉ አንድ ምሳሌ እንስጥ። በብዙ ገጾች የምናየው «ውብና ማራኪ መሶቦች አሉን፤ ይዘዙን፤ ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚል ነው። ይህ ለገዥው ምንም አይነግረውም። ይልቁንም እንዲህ ቢጻፍ፦ «የእንጀራ መሶብ። ቁመቱ 60 ሳ.ሜ.፣ የአፉ ስፋት 45 ሳ.ሜ.። በአክርማና በስንደዶ የተሰፋ። አሁን ሁለት ዝግጁ አሉ፤ አዲስ ለማዘዝ አምስት ሳምንት ይወስዳል። ዋጋው እስከ ጎንደር አውቶቡስ መናኸሪያ ማድረሻን ይጨምራል» ከዚያም ዋጋው በቁጥር። «ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚለው ልማድ ለምን እንደተወደደ እናውቃለን፤ ሻጩ የገዥውን ኪስ አይቶ መናገር ይፈልጋል። ከቤተ ክርስቲያን ጥላ ሥር ላለ ማኅበር ግን አይስማማም። ዋጋውን ሳያይ የሚጠይቅ ጥቂት ነው፤ የሚበዛው አልፎ ይሄዳል።

ጊዜን ማወቅ

ለአካባቢያችን የገበያ ቀን መቁጠሪያውን የሚያውቁት ካህናት ናቸው። ጥምቀት እ.ኤ.አ. በ2019 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ከመስፈሩ በፊትም የጎንደር ጃኖ የሚፈለግበት ወቅት ነበር። ጃኖ ግን በአንድ ሳምንት አይሸመንም፤ ስለዚህ የጥምቀት ጃኖ ማስታወቂያ በኅዳር መውጣት አለበት፤ በጥር ቢወጣ ለጸጸት ካልሆነ አይጠቅምም። የደጋው የዳባትና የደባርቅ ገብስ በሶና ቆሎ ሆኖ በዓቢይ ጾም 55 ቀናት ይፈለጋል፤ ማስታወቂያው ከዘወረደ በፊት ይዘጋጅ። የሠርግ መሶብና አገልግል በጥርና ከፋሲካ በኋላ ነው። የሱፍ ባና ደግሞ ክረምት ሳይገባ። በውጭ ላሉ ወገኖች የሚጻፍ ነገር በእኛ ምሽት ቢወጣ በአሜሪካ ቀን ላይ ይደርሳቸዋል።

የትኛው መድረክ ይሻላል ለሚለው ጥያቄ ብዙ አንደክምም። ሁሉንም ከፍቶ ሁሉንም ከማስራብ ሁለቱን በደንብ መያዝ ይሻላል። ፌስቡክ በውጭ ያሉትን የጎንደር ልጆች ለማግኘት፣ ቴሌግራም ደካማ መስመር ባለበትም ስለሚሠራ ለቋሚ ደንበኞች። በደጋው መስመር የማያገኝ ማኅበር ፎቶውን በመንደሩ አንሥቶ፣ በገበያ ቀን ወደ ደባርቅ ሲወርድ በአንድ ጊዜ ጭኖ፣ በየቀኑ እንዲወጣ በቀጠሮ ማስቀመጥ ይችላል፤ ሁለቱም መድረኮች ይህን ይፈቅዳሉ።

የማይሸጠው

ቤተ ክርስቲያን ስሟን ለማኅበሩ ስታውስ አደራ ይኖርበታል። «ይህን የገዛ በረከት ያገኛል» የሚል ማስታወቂያ ፈጽሞ አይጻፍ። ታቦት የወጣበት ፎቶ የጃኖ ማስታወቂያ አይሁን፤ ጸበል ከማር ጋር ተዳብሎ አይቅረብ። ማሩ ማር ስለሆነ ይሸጥ። በአንዳንድ ገጾች የምናየው ሌላው ነገር የድህነት ፎቶ ነው፦ የተቀደደ ልብስ የለበሰች እናት፣ እንባዋ እየወረደ፣ ከሥሩ «ይግዟት» የሚል። አንድ ጊዜ ያዘነ ሰው አንድ ጊዜ ይገዛል፤ ሥራዋን ያከበረ ግን ደጋግሞ ይገዛል። ስፌት ላይ ያለችውን እጇን አሳዩ። የማንም ፎቶ፣ ይልቁንም የሕፃናት፣ ያለ ፈቃድ አይውጣ፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰውን የግል መረጃ በሕግ ጠብቆታል፤ አሳሳች ማስታወቂያም በአዋጅ ቁጥር 759/2004 የተከለከለ ነው።

ገንዘቡና መዝገቡ

ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ክፍያ መቀበል ቀሏል፤ ማጭበርበርም እንዲሁ። የማኅበሩን ፎቶ ቀድቶ ተመሳሳይ ገጽ በመክፈት የራሱን ቁጥር የሚለጥፍ ሰው ሊኖር ይችላል። ስለዚህ የማኅበሩ ሒሳብ በገጹ አናት ላይ ይሰካ፤ በግል ስም ክፍያ እንደማይቀበል በግልጽ ይጻፍ፤ ለተቀበለውም ሁሉ ደረሰኝ ቆርጦ ፎቶውን ለገዥው ይላክ።

ከሁሉ በላይ ግን አንድ የወረቀት መዝገብ ይኑር። በየካቲት 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ በአገር ደረጃ ተዘግተው ለአምስት ወራት ያህል ቆዩ። በሐምሌው መጨረሻ ደግሞ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ሳይመለስ ቆየ። ደንበኞቻቸው በስልኩ ውስጥ ብቻ የነበሩ ማኅበራት ደንበኞቻቸውን አጡ። ስምና ስልክ ቁጥራቸውን በደብተር የጻፉት ግን የድምፅ ጥሪ በሠራባቸው ቀናት እየደወሉ የጀመሩትን ትእዛዝ አደረሱ። ደብተሩ አምስት ዓምድ ይበቃዋል፦ ቀን፣ ስም፣ ስልክ፣ የታዘዘው፣ የተላከበት ቀን። ስድስተኛ ዓምድ የሚጨምር ካለ «እንዴት አገኘን?» ብሎ ይጠይቅበት፤ አንድ ሺህ «ላይክ» ያገኘው ፎቶ አንድም ትእዛዝ እንዳላመጣ፣ ሠላሳ ሰው ብቻ ያየው አራት እንዳመጣ ከዚያ ዓምድ ይታያል።

ለቀጣዩ ስብሰባችሁ ይህን ሥራ እንተዋለን። የማኅበሩን ስልክ በጠረጴዛው ላይ አስቀምጡ። ገጹ በማን ቁጥር እንደተከፈተ ጠይቁ፤ ሁለተኛ አስተዳዳሪ ከሌለ በዚያው ሰዓት መርጣችሁ አስገቡ። ከዚያ ወደ ኋላ ሄዳችሁ ከፎቶዎቹ ሥር ያልተመለሱትን ጥያቄዎች አንድ በአንድ አንብቡ፤ የቆየም ቢሆን ይቅርታ ጠይቃችሁ መልሱ። እኛ በዚያ አጥቢያ አዲስ ገጽ ከፍተን መጀመሪያ የጻፍነው ሦስት መሶብ ለጠየቀው ሰው ነበር። ሠርጉ አልፏል፤ ለእናቱ ቤት ግን አንድ አዟል።