የሥራ ዝርዝርን በስልክ ማደራጀት

የፈተና ምዝገባ ማብቂያ ቀን ሲቃረብ በጽሕፈት ቤታችን ደጃፍ ሰልፍ ይበዛል። አንዱ የልደት የምስክር ወረቀት የለውም፤ ሌላዋ ፎቶግራፍ አልተነሳችም፤ የአንዳንዱ ወላጅ የመኖሪያ ፈቃድ ጊዜው ካለፈ ሰንብቷል። ማስታወቂያው በሰሌዳ ላይ ከተለጠፈ ግን ወራት ሆኖታል። ከሰልፈኞቹ መካከል ሰነፍ የሚባል ብዙ የለም። ሰው አገር የሚኖር ቤተሰብ በአንድ ወር ውስጥ የሚያስታውሰው ጉዳይ ብዙ ነው፦ የቤት ኪራይ፣ ዕቁብ፣ የፈቃድ እድሳት፣ የልጆች ፈተና፣ አገር ቤት የሚላክ ገንዘብ። ይህን ሁሉ በጭንቅላት ይዞ መዞር ይከብዳል። ስለዚህ በእጃችን ያለውን ስልክ ለዚህ ሥራ እንዴት እንደምናዘጋጀው ላስረዳ።

በመጀመሪያ ምክንያቱን እንይ። ብሉማ ዛይጋርኒክ የተባለች የሥነ ልቦና ተመራማሪ በርሊን ሆና ባጠናችውና እ.ኤ.አ. በ1927 ባሳተመችው ሥራ፣ ሰዎች ከጨረሱት ይልቅ በመካከል የተቋረጠባቸውን ሥራ አብልጠው እንደሚያስታውሱ ጽፋለች። ሙከራውን ኋላ የደገሙት ሁሉ ተመሳሳይ ውጤት አላገኙም። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2011 ማሲካምፖና ባውማይስተር ያሳተሙት ጥናት ለእኛ የሚጠቅም ነጥብ አለው፦ ያልተፈጸመ ጉዳይ ሐሳብን ይበትናል፤ ነገር ግን መቼና እንዴት እንደሚሠራ ቁርጥ ያለ ዕቅድ ሲወጣለት፣ ሥራው ገና ሳይጀመር እንኳ መበተኑ ይቀንሳል። ተማሪ ማታ መጽሐፍ ገልጦ ሐሳቡ የሚሄድበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ለምሳሌ የመረጥኩት ማይክሮሶፍት ቱ ዱ የተባለውን መተግበሪያ ነው። በነጻ ይገኛል፤ ኢንተርኔት ሲቋረጥም ይሠራል፤ መስመሩ ሲመለስ በኮምፒውተር ካለው ጋር ራሱን ያስተካክላል። ቱዱኢስት ወይም ጉግል ታስክስ የለመደ ሰው የያዘውን ይቀጥል። አፕ ሲያማርጡና የዝርዝሩን ቀለም ሲለዋውጡ መዋል ሥራን የመሸሻ ዘዴ ነው፤ ተማሪዎቼ ይህን በሚገባ ያውቁታል።

አካውንቱን ከከፈታችሁ በኋላ ሦስት ዝርዝር ብቻ አውጡ፦ ትምህርት፣ ቤት፣ ወረቀቶች። ለትንንሾቹ አካውንቱን ወላጅ ይክፈትላቸው። ከዚያ በጭንቅላታችሁ ያለውን ሁሉ አውጥታችሁ ጻፉ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። «ሒሳብ» ብሎ መጻፍ ሥራን መጻፍ አይደለም። «ከምዕራፍ 4 ጥያቄ 1 እስከ 10 መሥራት» ሲባል ግን እጅ ምን እንደሚይዝ ያውቃል። «ፓስፖርት» የሚለውም እንደዚሁ ነው። ፎቶግራፍ መነሳት፣ የድሮውን ፓስፖርት ኮፒ ማድረግ፣ ክፍያ መክፈል፣ ቀጠሮ መያዝ የየራሳቸው ቀን ያላቸው አራት ሥራዎች ናቸው። አፑ በአንድ ሥራ ሥር እንዲህ ያሉትን ደረጃዎች ለመዘርዘር «ስቴፕ» የሚል ቦታ አለው።

«ዱ ዴት» እና «ሪማይንድ ሚ» የተለያዩ ናቸው። የመጀመሪያው ሥራው የሚያበቃበት ቀን ነው፤ ሁለተኛው ስልኩ የሚያስታውስበት ሰዓት ነው። ለምዝገባ የመጨረሻው ቀን ላይ ማስታወሻ መሙላት ብዙ አይረዳም፤ ያን ቀን ሰልፉ ላይ ናችሁ። ከሦስት ሳምንት በፊት ይጩህ።

አሁን እኛን ብቻ ወደሚመለከተው ወጥመድ እንምጣ። እኛ ጠዋት 2 ሰዓት የምንለውን ስልኩ 8 ሰዓት ይለዋል። 2 ሰዓት ብላችሁ ብትሞሉት ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ቤተሰቡን ሁሉ ይቀሰቅሳል። ስዋሂሊ ተናጋሪ ጎረቤቶቻችንም ሰዓት የሚቆጥሩት እንደ እኛ ስለሆነ ነገሩን ይረዱታል። ስድስት መደመር ወይም መቀነስ ነው፤ ልጆች ለእናቶቻቸው ያሳዩ።

ቀኑ ግን ከሰዓቱ ይብሳል። ዕቁባችሁ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ወር በገባ በ20 ከሆነ፣ መስከረም 20 አብዛኛውን ጊዜ ሴፕቴምበር 30 ላይ ይውላል፤ ግንቦት 20 ደግሞ ሜይ 28 ነው። ስለዚህ «በየወሩ ይደገም» ብላችሁ አንድ ጊዜ ብትሞሉት ቀስ በቀስ ይዛባል፤ ጳጉሜንንም አፑ አያውቃትም። እንዲህ ላሉ ጉዳዮች በዓመቱ መጀመሪያ ተቀምጦ አሥራ ሁለቱንም ቀን ለየብቻ መሙላት ይሻላል። አንድ ምሽት ይበቃል።

በየቀኑ የምትከፍቱት ገጽ «ማይ ዴይ» ነው። ጠዋት ባዶ ሆኖ ይጠብቃችኋል፤ ከዝርዝሮቹ ለዕለቱ የሚሆኑትን እናንተ ትመርጣላችሁ። ለተማሪ ሦስት፣ ለወላጅ አምስት ይበቃል ባይ ነኝ። እኩለ ሌሊት ላይ ገጹ ይጸዳል፤ ያልተሠራው ግን ከዋናው ዝርዝር አይጠፋም። አንድ ሥራ ለሳምንት ሙሉ ከነገ ወደ ነገ ከተገፋ ወይ በጣም ትልቅ ነው፣ ወይ የሚያስፈልግ አይደለም። ከፋፍሉት ወይም ሰርዙት።

«ወረቀቶች» የሚለውን ዝርዝር አባትና እናት በጋራ እንዲይዙት አደራ እላለሁ። አፑ ዝርዝርን በሊንክ ማጋራት ይፈቅዳል፤ አንዱ የፈጸመውን ሌላው ያየዋል። «እኔ እኮ አንተ የጨረስከው መስሎኝ» የሚለው ንግግር በቢሮዬ ብዙ ጊዜ ይሰማል።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። ውንደርሊስት የሚባል በብዙ ሰው የተወደደ ተመሳሳይ አፕ ነበር፤ ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2015 ገዛውና በ2020 ዘጋው። ተጠቃሚዎች ዝርዝራቸውን ወደ ቱ ዱ ማዛወር ቢችሉም፣ አፕ ዘላለማዊ እንዳልሆነ ያሳያል። የፓስፖርት ማብቂያ ቀንን የመሰለ ነገር በወረቀትም ጽፋችሁ ከሰነዶቹ ጋር አስቀምጡ።

ስልክ የሌላችሁ ተማሪዎች ከዚህ ትምህርት አልወጣችሁም። ባለ 50 ሉክ ደብተር ውሰዱ። በግራ ገጽ ያለባችሁን ሥራ ሁሉ ከነማብቂያ ቀኑ ጻፉ፤ በቀኝ ገጽ የዛሬን ሦስት ብቻ። ደብተር አይደውልምና የመክፈቻ ሰዓቱን ከአንድ ልማድ ጋር እሰሩት፤ ማታ ቦርሳ ሲዘጋጅ ቢሆን ደግ ነው። በክፍል ውስጥ ስልክ ስለማይፈቀድ፣ ስልክ ያላቸውም ቢሆኑ የቤት ሥራቸውን መጀመሪያ የሚመዘግቡት በዚሁ ደብተር ላይ ነው።