ቀጠሮዋን አትዝለዪ

ጥያቄ (በኮሮና ወቅት፣ 2012 ዓ.ም.)፦ የ6 ዓመት ልጄ የደም ካንሰር ይዟት አዲስ አበባ፣ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ትታከማለች። ከባዱን ኬሞ ጨርሳ አሁን ኪኒን እየወሰደች በየወሩ ከደሴ እንመላለሳለን። ከመጋቢት 2012 ወዲህ ግን አማቴ «ኮሮናው ያለው ሆስፒታል ነው፤ እስኪያልፍ አርፈሽ ተቀመጪ» ይሉኛል። አውቶቡሱም በግማሽ እየጫነ ዋጋው እጥፍ ሆኗል። ወንድሟ በሽታ እንዳያመጣባት ብዬ እናቴ ጋ ልኬዋለሁ። ትናንት በስልክ «እኔ ነኝ እንዴ ያሳመምኳት?» አለኝ። ምን ላድርግ?
የልጅቷ እናት፣ ከደሴ

መልስ፦ እህቴ፣ ቁርጡን ልንገርሽ፤ ቀጠሮዋን አትዝለዪ። አማትሽ ክፉ አስበው አይደለም፣ ለልጅ ልጃቸው ፈርተው ነው። የደም ካንሰር ግን ኮሮና እስኪያልፍ ቆሞ አይጠብቅም። ልጅቷ ድና ስትሮጥ ብታዪያትም፣ ተደብቆ የቀረውን የካንሰር ሴል የሚያጠፋው ይኸው ኪኒን ነው። ሕክምናው ከ2 ዓመት በላይ የሚፈጀውም ለዚህ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በሀብታም አገሮች ካንሰር ከያዛቸው ልጆች ከ80 በመቶ በላይ ሲድኑ፣ በብዙ ደሃ አገሮች ከ30 በመቶ በታች ናቸው። አንዱ ምክንያት ሕክምናን መሃል ላይ ማቋረጥ ነው። ልጅሽን ካልዳኑት መካከል ማየት አልፈልግም።

መንገዱን ግን ማቅለል ይቻል ይሆናል። ከመነሳትሽ በፊት ለሐኪሟ ደውዪ። የደም ምርመራው ደሴ ተሠርቶ ውጤቱ በስልክ ይነገር እንደሆነ፣ ኪኒኑም የ2 ወር ይሰጥሽ እንደሆነ ጠይቂ። ውሳኔው የሐኪሟ ይሁን። አዲስ አበባ ማደሪያ ከቸገረሽ ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲን ጠይቂ፤ የመሠረቱት ልጃቸውን በዚሁ በሽታ ያጡ አባት ናቸው።

ከኮሮናው ይበልጥ የምፈራልሽ ሌላ ነገር አለ። ትኩሳቷ 38 ከደረሰ እኩለ ሌሊትም ቢሆን ሐኪም ጋ ውሰጃት። «ኮሮና ነው ብለው ያስቀሩብኛል» በሚል ፍርሃት ፓራሲታሞል ሰጥተው የሚያድሩ እናቶች አሉ። የካንሰር መድኃኒቷ ነጭ የደም ሴሏን ስለሚያወርደው፣ ሌላው ልጅ በቀላሉ የሚያልፈው ኢንፌክሽን እሷን በሰዓታት ውስጥ ሊጥላት ይችላል። እንደደረስሽም መጀመሪያ «ኬሞ ላይ ናት» በዪ፤ ተራ አትጠብቂ።

ወንድ ልጅሽን ደግሞ ሐኪሟን አማክረሽ ወደ ቤቱ መልሺው። ትምህርት ቤት በኮሮናው ተዘግቷል፤ ሳልና ትኩሳት ከሌለው፣ እንደገባ እጁን ታጥቦ ልብሱን ከቀየረ፣ ከእናንተ ከወላጆቹ የበለጠ ስጋት አይሆንባትም። እስኪመጣ ግን አትጠብቂ። ካንሰር ከሰው ወደ ሰው እንደማይተላለፍ፣ እህቱንም ማንም እንዳላሳመማት፣ የላክሽውም ተቆጥተሽው እንዳልሆነ ዛሬውኑ ደውለሽ ንገሪው።