ስብከተ ወንጌል በካሪቢያን ደሴቶች፦ ከአቂላና ከጵርስቅላ የምንማረው

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ የሰንበት ትምህርት ቤታችን አባላት፤ ስለ ሐዋርያዊ አገልግሎት ስንነጋገር ቶሎ ወደ ሐሳባችን የሚመጣው በዐውደ ምሕረት ቆሞ ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚሰብክ ሰው ነው። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 18 ላይ ግን ሌላ ዓይነት አገልግሎት እናገኛለን። አቂላና ጵርስቅላ ባልና ሚስት ናቸው፤ የሚተዳደሩት ድንኳን በመስፋት ነው። ከሮም ተሰደው ወደ ቆሮንቶስ መጡ፤ በዚያም ቅዱስ ጳውሎስን በቤታቸው ተቀብለው አብረውት ሠሩ፤ ኋላም ከእርሱ ጋር ወደ ኤፌሶን ተሻገሩ። በኤፌሶን ሳሉ አጵሎስ የሚባል አንደበተ ርቱዕ ሰው በምኵራብ ሲያስተምር ሰሙት። አጵሎስ መጻሕፍትን ያውቃል፤ ስለ ጥምቀት ግን ከዮሐንስ ጥምቀት ያለፈ አያውቅም ነበር። ባልና ሚስቱ በጉባኤ ፊት አላሳፈሩትም፤ ስሕተት እያዩም ዝም አላሉም። ወደ እነርሱ ወስደው የጎደለውን አንድ በአንድ አስረዱት። ከዚህም በኋላ አጵሎስ ለምእመናን ታላቅ ረዳት ሆነ።

እንግዲህ የዛሬው ትምህርታችን ይህ ነው፦ በከፊል የሚያውቀውን ሰው ሳናሳፍረው፣ እውነቱንም ሳንሸሽገው እንዴት ወደ ሙሉው እናደርሰዋለን? ለዚህ ከራሳችን ቤተ ክርስቲያን ታሪክ አንድ ምሳሌ አለ፤ የተፈጸመውም ከእኛ እጅግ ርቆ በሚገኘው በካሪቢያን ባሕር ነው።

በጃማይካና በአጎራባች ደሴቶች የሚኖረው ሕዝብ አብዛኛው ከምዕራብ አፍሪካ በባርነት ተግዘው በሸንኮራ አገዳ እርሻ ላይ የደከሙ ሰዎች ዘር ነው። በእንግሊዝ ግዛቶች ባርነት ፈጽሞ የቀረው እ.ኤ.አ. በ1838 ነበር። እነዚህ ሰዎች አገራቸውን፣ ስማቸውንና ቋንቋቸውን ተነጥቀዋል። በእጃቸው በገባው መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ግን የኢትዮጵያን ስም አገኙ፤ መዝሙረ ዳዊት ስለ ኢትዮጵያ የሚናገረውም ተስፋ ሆናቸው። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ ሲጭኑ በጃማይካ ከድኆቹ መካከል አንዳንዶቹ ትንቢቱ በንጉሡ ተፈጸመ ብለው አመኑ። ከዘውድ በፊት በነበራቸው ስምም ራስ ተፈሪያውያን ተባሉ። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ኪንግስተን ሲደርሱ ሕዝቡ አጥሩን ጥሶ አውሮፕላኑን ስለ ከበበው ለመውረድ እንኳ ጊዜ ወስዶባቸው ነበር።

በ1962 ዓ.ም. ግድም ወደዚህች ደሴት የተላኩት የዐድዋው ተወላጅ አባ ልዑከ ማርያም ማንደፍሮ፣ በኋላ ብፁዕ አቡነ ይስሐቅ ናቸው። አስቀድሞ ለትምህርት ወደ አሜሪካ ሄደው በዚያ ያገለግሉ ነበር። ኪንግስተን ሲደርሱ የጠበቃቸው ሕዝብ ኢትዮጵያን ከልቡ የሚወድ፣ ነገር ግን ንጉሡን እንደ አምላክ የሚቈጥር ነበር። በንጉሡ ስም አጥምቁን እስከ ማለት የደረሱም ነበሩ።

እስኪ ራሳችንን በእርሳቸው ቦታ እናስቀምጥ። ሁለት ቀላል መንገዶች ነበሩ። አንደኛው «እናንተ መናፍቃን ናችሁ» ብሎ በሩን መዝጋት ነው። ሁለተኛው ሕዝቡ እንዳይሸሽ ዝም ብሎ እንዳሉት ማጥመቅ ነው። አባ ልዑከ ማርያም ከሁለቱም አልሆኑም። ጥምቀት በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም ብቻ እንደሆነ ሳያወላውሉ ተናገሩ፤ ሊሰማ የመጣውን ግን አላባረሩም፤ አስተማሩ። በዚህ ቅር ተሰኝተው የሄዱ አሉ፤ ብዙዎች ግን ተምረው ተጠመቁ። በኪንግስተን የቅድስት ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ተተከለች።

ለእኛ ለውጫሌ ልጆች የዚህ ነገር ክብደት ሊገባን ይገባል። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በዚህ በአምባሰል ምድር የተፈረመው ውል 17ኛው አንቀጽ በአማርኛው «ይቻላል» የሚል፣ በኢጣልያንኛው ግን ግዴታ የሚመስል ስለ ነበር ነገሩ እስከ ዐድዋ ጦርነት አደረሰ። የቃል መለዋወጥ ይህን ያህል ዋጋ ያስከፍላል። በጃማይካም የነገሩ መፍቻ ሁለት ቃላትን መለየት ነበር፦ አክብሮትና አምልኮ። የአምልኮ ስግደት ለእግዚአብሔር ብቻ፣ የአክብሮት ስግደት ግን ለንጉሥም እንደሚሰጥ እኛ ከሕፃንነታችን እንማራለን። ይህን ያልሰማ ሰው ግን ሁለቱን ቢቀላቅል አያስደንቅም፤ ለይቶ የሚያስረዳው ሰው ያስፈልገዋል። የሚያስረዳውም በሚገባው ቋንቋ መሆን አለበት። ቅዳሴያችን ወደ እንግሊዝኛ ተተርጕሞ ነበርና የደሴቶቹ ምእመናን ጸሎቱን በቋንቋቸው ለመከታተል ችለዋል።

የእንዲህ ያለ አገልጋይ ዕለታዊ ኑሮም ከሩቅ ሲያዩት እንደሚመስለው አይደለም። ሕፃናትን ማጥመቅ፣ ሙሽሮችን ማጋባት፣ የታመመ መጠየቅ፣ የሞተ መቅበር ነው። ብፁዕነታቸው የምዕራቡ ንፍቀ ክበብ ሊቀ ጳጳስ ሆነው ሲሾሙ ሀገረ ስብከታቸው ከሰሜን አሜሪካ እስከ ትሪኒዳድና ጋያና የሚደርስ ስለ ነበር ጕዞው ባሕር ተሻግሮ በአውሮፕላን ነው። በዓለም የታወቀው ዘፋኝ ቦብ ማርሊ ከመሞቱ በፊት በቤተ ክርስቲያናችን ተጠምቆ ብርሃነ ሥላሴ ተብሏል፤ ግንቦት 13 ቀን 1973 ዓ.ም. በኪንግስተን ጸሎተ ፍትሐቱን የመሩትም አቡነ ይስሐቅ ነበሩ። ስመ ጥሩም ድኃውም ለአንድ አባት ልጅ ነው። ብፁዕነታቸው በታኅሣሥ ወር 1998 ዓ.ም. በአሜሪካ ሲያርፉ የተቀበሩት በኪንግስተን ነው። ከተላኩበት ሕዝብ ጋር ቀሩ።

ይህ የመላክ ሥርዓት ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በቅርባችን በሐይቅ እስጢፋኖስ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዐ ደቀ መዛሙርትን ሰብስበው ያስተምሩ ነበር። አቡነ ተክለ ሃይማኖትም በዚያ ተቀምጠው ከተማሩት አንዱ ናቸው። አባ ኢየሱስ ሞዐ ያሠሩት ወንጌል ዛሬም በገዳሙ አለ። አስቀድሞ መማር፣ ቀጥሎ መላክ ነው።

ወንድሞችና እኅቶች፤ ማናችንም ወደ ጃማይካ ላንላክ እንችላለን። አጵሎስ ግን በየሳምንቱ ወደ አዳራሻችን ይመጣል። ከዓረብ አገር ከብዙ ዓመት በኋላ ተመልሳ መዝሙሩ የጠፋባት እኅት አለች። ወረቡ የሚያምታታው፣ ከበሮውን የሚስት ልጅ አለ። ከሰው የሰማውን ተረት የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ነው ብሎ የሚከራከር ተማሪ አለ። ብንሥቅባቸው በሚቀጥለው እሑድ አይመጡም። «ግድ የለም፣ ሁሉም ትክክል ነው» ብንላቸው ደግሞ ምንም ሳይዙ ይሄዳሉ። ከጉባኤው በኋላ ለብቻ ጠርቶ ቡና እየጠጡ ማስረዳት ግን ገንዘብም ሥልጣንም አይጠይቅም። የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው፦ ራሳችን አጥርተን ማወቅና መታገሥ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. አቂላና ጵርስቅላ አጵሎስን በጉባኤ ፊት ቢያርሙት ምን ሊሆን ይችል ነበር?
2. በአክብሮት ስግደትና በአምልኮ ስግደት መካከል ያለውን ልዩነት ለማያውቅ ሰው በቀላል ቃል እንዴት ታስረዳላችሁ?
3. ከመካከላችን ከቀሩት አባላት ማንን በዚህ ሳምንት ሄደን እንጠይቅ?

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።