በጠጠር፣ በሚዛንና በሰዓት፦ ለእረፍት ስንሄድ ከታናናሾቻችን ጋር የምንጫወታቸው የሒሳብ ጨዋታዎች



የሴሚስተሩ ፈተና ሊያልቅ ነው። ኢንሻአላህ በቅርቡ ሁላችንም ወደየቤታችን እንበተናለን። በዚህ እትም ከመተማ፣ ከገንዳ ውኃና ከቋራ የመጣን ተማሪዎች ባለፈው እረፍት ከታናናሾቻችን ጋር የሞከርናቸውን ጥቂት ጨዋታዎች እናካፍላችኋለን። በመጀመሪያ ግን ለምን እንደጀመርናቸው እንንገራችሁ።

አንዲት እናት ጎረቤታችን ሰሊጣቸውን ወደ ገበያ አወጡ። መዛኙ «ሦስት ኩንታል ከስልሳ ኪሎ» ብሎ ተጣራ፤ ጸሐፊው 3.06 ኩንታል ብሎ መዘገበ። ሰባተኛ ክፍል የደረሰው ልጃቸው አጠገባቸው ቆሞ ወረቀቱን እያየ ዝም አለ። ነገሩ የታወቀው ቤት ከገቡ በኋላ ነው። 3.60 መጻፍ ሲገባው ዜሮዋ ቦታ በመቀየሯ 54 ኪሎ ሰሊጥ ቀረባቸው። ሆን ተብሎ ይሁን በስህተት አላህ ነው የሚያውቀው። ልጁን ስንጠይቀው «የተሳሳተ መስሎኝ ነበር፤ ግን እርግጠኛ ስላልሆንኩ ፈራሁ» አለን።

ይህ ልጅ ሰነፍ አይደለም። በገበያ ቀን ለውዝ በብርጭቆ ሲሸጥ መልስ ተሳስቶ አያውቅም። የእሱ ችግር የገበያው ሒሳብና የወረቀቱ ሒሳብ አለመተዋወቃቸው ነው። እኛም ከእሱ አንሻልም ነበር። በመድረሳ ስለ ሚራስ ስምንተኛና አንድ አራተኛ እጅ እየተማርን፣ በመንግሥት ትምህርት ቤት ደግሞ 1/8 እና 1/4 ሲጻፍልን ሁለቱ አንድ መሆናቸውን ሳናስተውል ዓመታት አልፈዋል። አሁን ደግሞ በክልላችን ባለው ግጭት የተነሳ ብዙ ልጆች ከትምህርት ገበታ ርቀዋል። ስለዚህ ቤት ውስጥ የምናደርገው ትንሽ ነገር ዋጋ አለው።

ከመጀመራችን በፊት ሦስት ነገሮች እናስታውስ። መልሱን አንንገራቸው፤ «እንዴት አወቅህ?» «እንዴት አወቅሽ?» እያልን እንጠይቃቸው። ትክክል ሲመልሱም እንጠይቃቸው፤ አለዚያ ጥያቄው የስህተት ምልክት ይመስላቸዋል። ደግሞም ሳይሰለቹ እናቁም፤ በቀን ሃያ ደቂቃ ይበቃል።

1. በጠጠር ማባዛት

መሬት ላይ እንደ ገበጣ ትናንሽ ጉድጓዶችን በሁለት ረድፍ እንቆፍር። 5 በ3 ለማባዛት በግራው የመጀመሪያ ጉድጓድ 5 ጠጠር፣ በቀኙ 3 ጠጠር እናስቀምጥ። ወደ ታች ስንወርድ ግራውን በግማሽ እንቀንሳለን፣ ትራፊ ካለ እንጥላለን፤ ቀኙን እጥፍ እናደርጋለን። ግራው 5፣ 2፣ 1 ይሆናል፤ ቀኙ 3፣ 6፣ 12። አሁን በግራ በኩል ሙሉ (ለሁለት እኩል የሚከፈል) ቁጥር ያለበትን መስመር እንሰርዛለን። 2 ሙሉ ስለሆነ 6 ይወጣል። የቀሩት 3 እና 12 ሲደመሩ 15።

በወረቀት ደግሞ ትልቅ እንሞክር። አንድ ጣሳ ማሽላ 25 ብር ቢሆን 13 ጣሳ ስንት ይሆናል? ግራው 13፣ 6፣ 3፣ 1፤ ቀኙ 25፣ 50፣ 100፣ 200። የ6 መስመር ይሰረዛል። 25 + 100 + 200 = 325 ብር። ልጁ የሚያስፈልገው እጥፍ ማድረግ፣ መክፈልና መደመር ብቻ ነው።

ይህን ዘዴ በውጭ አገር የሒሳብና የኮምፒውተር መጻሕፍት «የኢትዮጵያውያን ማባዣ» ብለው ይጠሩታል። የጥንት ግብፆችም እጥፍ በማድረግ ያባዙ ነበር። እኛ ግን ያወቅነው ዩኒቨርሲቲ ከገባን በኋላ ነው! «ለምን ይሠራል?» ለሚል ልጅ መልሱ በሚቀጥለው ጨዋታ ውስጥ አለ።

2. የአራት ድንጋይ ሚዛን

አራት ካርቶን ቆርጠን 1፣ 2፣ 4 እና 8 እንጻፍባቸው። እነዚህ የሚዛን ድንጋዮች ናቸው እንበል፤ ከእያንዳንዱ አንድ ብቻ አለን። ጥያቄው፦ በእነዚህ ብቻ ከ1 እስከ ስንት ኪሎ፣ አንድም ሳንዘል፣ መመዘን ይቻላል?

ልጆቹ ይሞክሩ። 3 ማለት 2 እና 1፤ 11 ማለት 8፣ 2 እና 1። እስከ 15 ይደርሳሉ። 16 ሲመጣ ይጨንቃቸዋል፤ «ስንት ኪሎ ድንጋይ እንጨምር?» እንበላቸው። 16 ከጨመሩ እስከ 31 ይሄዳሉ።

አሁን 13ን በድንጋዮቹ ያውጡ፦ 8፣ 4 እና 1። 2 አላስፈለገም። ወደ ማሽላው እንመለስ፤ የሰረዝነው 50 ብር የ2 ጣሳ ዋጋ ነበር። የቀሩት የ1፣ የ4 እና የ8 ጣሳ ዋጋዎች ናቸው። ሁለቱ ጨዋታዎች አንድ ናቸው ማለት ነው። ኮምፒውተርም ቁጥርን የሚይዘው በዚሁ መንገድ፣ እያንዳንዱ ድንጋይ «አለ» ወይም «የለም» እየተባለ ነው።

ከሚያዝያ 2015 ጀምሮ በሱዳን ከተነሳው ጦርነት የሸሹ ብዙ ቤተሰቦች በመተማ በኩል ተሻግረው መጥተዋል። አማርኛ ከማይችሉ ልጆቻቸው ጋርም ይህ ጨዋታ ያለ ብዙ ቋንቋ ይገባል።

3. የሁለቱ ከተሞች ሰዓት

በመተማ ከጧቱ 3 ሰዓት ነው። ድልድዩን ተሻግሮ ገላባት ያለ አጎታችን ሰዓቱን ሲያይ ስንት ይላል? ፀሐይዋ አንድ ናት፣ መንገዱም አጭር ነው፤ የእሱ ሰዓት ግን 8 ይላል!

ምክንያቱ ሁለት ነው። እኛ ሰዓት የምንቆጥረው ከንጋት ጀምረን ስለሆነ ወደ እነሱ አቆጣጠር ለመሄድ 6 እንጨምራለን፤ 9 ይሆናል። ሱዳን ደግሞ እንደ ፈረንጆቹ በኅዳር 2017 ሰዓቷን አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ስለመለሰች 1 እንቀንሳለን፤ 8። አሁን በተቃራኒው እንጠይቅ፦ ገላባት ከሰዓት በኋላ 3 ሲሆን መተማ ስንት ሰዓት ነው? (መልሱ 10 ሰዓት ነው።) አሸዋ ላይ ሰዓት ስለው በእንጨት ይቁጠሩ። «ሁልጊዜ 5 መጨመር ወይም መቀነስ ነው» የሚለውን አቋራጭ ራሳቸው እስኪያገኙት እንጠብቅ።

4. ሃያ አራት ፍየሎችና አሥራ ሰባት ግመሎች

አንድ ሰው ሚስቱን፣ አንድ ወንድ ልጅና አንዲት ሴት ልጅ ትቶ ሞተ። ሌላ ወራሽ፣ ዕዳም ኑዛዜም የለም። 24 ፍየሎች እንዴት ይካፈላሉ? ለሚስት አንድ ስምንተኛ፣ 3 ፍየል። ከቀሩት 21 ውስጥ ለወንዱ ሁለት እጅ፣ ለሴቷ አንድ እጅ፤ 14 እና 7። ፍየሎቹ 40 ቢሆኑስ? ለሚስት 5 ከተሰጠ በኋላ 35 ለሦስት እኩል አይከፈልም። «ሳይቆራረጥ የሚከፈለው ስንት ስንት ሲሆን ነው?» ብለን ስንጠይቅ ልጆቹ 24፣ 48፣ 72 እያሉ ይደርሱበታል።

ለትልልቆቹ ደግሞ የታወቀችውን የግመል እንቆቅልሽ እንስጣቸው። 17 ግመሎች ለሦስት ሰዎች በ1/2፣ በ1/3 እና በ1/9 ይከፈሉ ተባለ። አልሆነም። አንድ ብልህ ሰው ግመሉን አበደራቸውና 18 ሆኑ፤ 9፣ 6 እና 2 ወሰዱ። ድምሩ 17 ነው፣ ብልሁም ግመሉን ይዞ ሄደ። እንዴት ተረፈ? ምክንያቱ ሦስቱ ክፍልፋዮች ሲደመሩ 17/18 እንጂ አንድ ሙሉ ስለማይሆኑ ነው። ይህን ታሪክ አንዳንዶች ወደ ሶሐባዎች አስጠግተው ይናገሩታል፤ እኛ ግን እንደ ጨዋታ ብቻ እንውሰደው። የሚራስ ሕግ በዚህ መልክ አያከፋፍልም፣ አንድ ዘጠነኛ የሚባል ድርሻም የለውም።

ወንድሞችና እህቶች፣ በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በባግዳድ የኖረው አል-ኸዋሪዝሚ «አልጀብራ» የሚለውን ስም ለዓለም ባስተዋወቀው መጽሐፉ ውስጥ ሰፊ ቦታ የሰጠው ለውርስ ክፍፍል ነው። ሒሳብ ለእሱ ሐቅን ለባለቤቱ ማድረሻ ነበር። ቁርኣን ውስጥም በሚዛን የሚያጓድሉትን የሚያስጠነቅቅ ሱራ፣ ሱረቱል ሙጠፊፊን፣ አለ። ማስጠንቀቂያው ለመዛኙ ነው፤ ሚዛኑን ማንበብ የሚችል ልጅ ማሳደግ ደግሞ የእኛ ድርሻ ነው።

ያ የጎረቤታችን ልጅ በሁለተኛው ሳምንት ለእኛው ጥያቄ ይዞ መጣ፦ «ከአራቱ ድንጋዮች የ4 ኪሎው ቢጠፋ የማይመዘኑት ስንትና ስንት ኪሎ ናቸው?» አልሐምዱሊላህ! መልሱን በሚቀጥለው እትም እናወጣለን። እስከዚያው ታናናሾቻችሁን ጠይቋቸው፤ «እንዴት አወቅህ?» ማለትንም አትርሱ።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።