የግሥ ጊዜ በታሪክ አጻጻፍ፦ የቫይካውንት አውሮፕላን

የአንድን ዕቃ ታሪክ በምትጽፉበት ጊዜ ግሡን በትክክለኛ ጊዜው ማስገባት ይገባችኋል። አንድ ጊዜ ብቻ የተፈጸመው፣ ይደጋገም የነበረውና እስከ ዛሬ ያልተቋረጠው ድርጊት በአንድ ዓይነት ግሥ ከተነገረ አንባቢው ይሳሳታል። የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ፤ ግሦቹንም አስተውሉ።

ቫይካውንት በእንግሊዝ አገር የቪከርስ ኩባንያ የሠራው የመንገደኞች አውሮፕላን ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው እ.ኤ.አ. በ1948 ነው። በዚያ ዘመን የመንገደኞች አውሮፕላኖች የሚበሩት በፒስተን ሞተር ነበር፤ ፒስተኖቹ ሲመላለሱ የሚፈጥሩት ንዝረትና ጩኸት መንገደኛውን ያደክመው ነበር። የቫይካውንት አራት ሞተሮች ግን ተርባይን ናቸው። የሚቃጠለው ጋዝ ተርባይኑን ያሽከረክራል፤ ተርባይኑም ፍጥነቱ በማርሽ ተቀንሶ ከፊት ያለውን ፕሮፔለር ያዞራል። እንዲህ ያለው አውሮፕላን ተርቦፕሮፕ ይባላል። ንዝረቱ እጅግ ከመቀነሱ የተነሣ ሳንቲም በጠረጴዛ ላይ በጠርዙ ቆሞ ሳይወድቅ ይጓዛል ይባል ነበር።

እ.ኤ.አ. ጁላይ 29 ቀን 1950 አንድ ቫይካውንት ለንደን አጠገብ ካለው የኖርዞልት አውሮፕላን ማረፊያ ተነሥቶ 14 ከፋይ መንገደኞችን ፓሪስ አደረሰ። መንገደኛ ከፍሎ በተርቦፕሮፕ የሄደበት የመጀመሪያው መደበኛ በረራ ይህ ነው። ከ440 በላይ ቫይካውንቶች ተሠርተው በብዙ አህጉራት ይመላለሱ ነበር። ዛሬ የሚበር ቫይካውንት የለም።

ከቀሩት መካከል በዕድሜ የሚበልጠው በእንግሊዝ አገር በዳክስፎርድ ሙዚየም ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1953 ሥራ ጀመረ፤ በ1972 መብረር አቆመ፤ በ1976 ወደ ዳክስፎርድ ተወሰደ። አሉሚኒየም እንደ ብረት ባይዝግም፣ እርጥበት በመጋጠሚያዎቹ ገብቶ ቀስ በቀስ ይበላዋል። ስለዚህ በጎ ፈቃደኞች ያጥቡታል፣ የተበላውን ይጠግኑታል፣ ቀለም ይቀቡታል።

አሁን ወደ ግሦቹ እንመለስ። «አደረሰ» በአንድ ቀን ተጀምሮ ያለቀ ድርጊት ነው። «ይመላለሱ ነበር» ግን ለብዙ ዘመን ሲደጋገም ኖሮ የቀረውን ሥራ ያመለክታል፤ «ተመላለሱ» ቢባል ልማዱ በጠፋ ነበር።

ከሁሉ ይልቅ ልታስቡበት የሚገባው የመጨረሻው አንቀጽ ነው። ብዙ ተማሪ እዚህ ላይ «አውሮፕላኑ ተጠብቋል» ብሎ ይጽፋል። ዓረፍተ ነገሩ የሰዋስው ስሕተት የለበትም። ነገር ግን «ተጠብቋል» ሥራው እንዳለቀ ያስመስላል፤ ሠሪዎቹንም ይሰውራል። አጣቢዎቹ ጥቂት ዓመታት እጃቸውን ቢያነሡ አውሮፕላኑ ይበላሻል። ስለዚህ «በጎ ፈቃደኞች ይጠብቁታል» የሚለው ይመረጣል፤ ባለቤቱ ይታወቃል፣ ሥራውም አለመቋረጡ ይታያል።

መልመጃ
፩. ከምንባቡ «ነበር»ን ያስከተሉ ግሦችን አውጡ፤ «ነበር» ቢቀር ትርጉሙ እንዴት እንደሚለወጥ አስረዱ።
፪. በአካባቢያችሁ ሥራ አቁሞ ሳለ ያልተጣለ አንድ ዕቃ፣ ለምሳሌ የጽሕፈት መኪና ወይም የድንጋይ ወፍጮ፣ መርጣችሁ ታሪኩን በአሥራ አምስት መስመር ጻፉ። ዕቃውን ዛሬ የሚጠብቀው ማን እንደ ሆነ ሳትገልጹ አትለፉ።